ምራቂ የተባለችው ዘጠነኛ

መርስዔ ኀዘን ዘጠነኛዋን ምራቂ ናት ብሎ አምኖ ነበር። ኋላ ይህን ስሕተቱን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሲናዘዝ ድምፁን ዝቅ አያደርግም፤ በልጅነቱ ከበቅሎ የወደቀበትን ቀን እንደሚያወራ ሰው ፈገግ እያለ ነበር የሚናገረው። «ስምንት ጠይቄ ዘጠኝ መጣልኝ። ሻጩ ለደንበኛው ከላይ ጣል ያደረገልኝ መስሎኝ ዘጠነኛዋን ለሰው ሰጠሁ» ይላል።

ገበያ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን አሳቡን ይረዳለታል። በርበሬ የምትሸጥ ሴት ጣሳውን ሞልታ ከገለበጠች በኋላ አንድ እፍኝ ትጨምራለች፤ ያ እፍኝ ከስፍሩም ከዋጋውም ውጭ ነው። ቢቀር ገበያው አይፈርስም፤ ሲጨመር ግን ሻጭና ገዥ ተመራርቀው ይለያያሉ። መርስዔ ኀዘንም ከድሬዳዋ በመጣው ቱቦ ጫፍ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ጥቁር የኮምፒዩተር ቺፕ ያያት በዚሁ ዓይን ነበር።

ዘመኑ ሰማንያ አንድ፣ ወሩ ኅዳር ነው። ባሕር ዳር ላይ፣ ከጣና ዳር በቆመ አንድ የልማት ጥናት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጣ ኮምፒዩተር ነበር፤ መርስዔ ኀዘን የዚያ ማሽን ኀላፊ ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ዋዜማ የሚባለው የቅኔ ዓይነት ላይ ሳለ ወደ አስኳላ ተሻገረ፤ ከአስኳላ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ ደግሞ በዚያ ክፉ ዓመት ከጓደኞቹ ጋራ እስር ቤት ገባ። እሱ ወጣ፤ ጓደኞቹ አልወጡም። ከእስር ቤት ይዞት የወጣው ትምህርት ከሰው ምንም አለመቀበል፣ የተቀበለውንም ሳያድር መመለስ ነበር። ሲጋራ የሰጠው ባልደረባ ከምሳ በፊት ሲጋራ ይመለስለታል፤ ዣንጥላ ያዋሰው ጎረቤት ዣንጥላውን ከሎሚ ጋራ ያገኛል። ሰዎች ጨዋ ይሉት ነበር። እሱ ግን ልቡ ያውቀዋል፤ ጨዋነት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ውለታ በእሱ ዘንድ በሌላ ሰው እጅ የቀረ የገመድ ጫፍ ነበር፤ ማን፣ መቼ እንደሚስበው አይታወቅም።

ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነበርና ሪፖርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ወዲያው በየሺአረግ የጽሕፈት መኪና ወደ አማርኛ ይገለበጣል። የሺአረግ የመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት ናት፤ ጣቷም አንደበቷም ፈጣን። አንድ ቀን ከማሽኑ ኋላ ቆማ፣ «ይህን ሁሉ መብራት እየበላ አንዲት ‹ሀ› መጻፍ ያቅተዋል?» አለች። መርስዔ ኀዘን ነገሩን እንደ ቀልድ ተቀብሎት ሳይቀልድበት ቀረ። እሱ ፕሮግራሙን ሊጽፍ፣ እሷ ፊደሉን ልትሥል ተስማሙ።

የፊደሉ ነገር ግን ከሥራ በላይ ነበር። የየሺአረግ አባት አለቃ ወልደ ዮሐንስ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የዕድሜያቸውን መጨረሻ የጨረሱት በሐይቁ ላይ ላለ ገዳም አንድ ዳዊት ሲጽፉ ነው፤ ጽፈው ባስረከቡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዐረፉ። ያ ገዳም ሴት የማይረግጠው ነው። ልጅቱ ከጀልባ ላይ ሆና የደሴቱን ዛፍ ታያለች እንጂ የአባቷን እጅ ጽሕፈት ገልጣ ማየት አትችልም። እቤቷ የቀሩት አባቷ ብዕር የሚሞክሩባቸው ቍርጥራጭ ብራናዎች ናቸው፤ እዚያ ላይ አንዳንድ ፊደል ብቻ፣ ያም ሳይስተካከል፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይገኛል። ከነዚያ ቍርጥራጮች እያየች፣ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ባለው ወረቀት ላይ ፊደሉን በነጥብ በነጥብ ሣለችው። የጎደላትን መርስዔ ኀዘን ወደ ገዳሙ ተሻግሮ፣ ዳዊቱን አስፈቅዶ፣ በስስ ወረቀት ቀድቶ አመጣላት። ሁለት ክረምት ፈጀባቸው። «የአባቴ ‹ጸ› አንገቱን ትንሽ ሰበር ያደርጋል፤ ይሉኝታ እንደያዘው ሰው» ትላለች፤ አንገቱ እስኪሰበርላት ድረስም ነጥቡን እያነሣች ትተክላለች።

ፊደሉ አልቆ ወደ ማሽኑ ሲገባ ማሽኑ አልቻለውም። ኮምፒዩተር ሲሠራ የሚፈልገውን ሁሉ ከዲስኬት አንሥቶ ሜሞሪ በሚሉት ክፍሉ ላይ ይዘረጋዋል፤ ሜሞሪ ለእሱ እንደ ጸሐፊ ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛው ከጠበበ ደብተሩ ሁሉ ተገልጦ አይቀመጥም። ጠረጴዛው ጠቦ ነበር። ፊደሉ ከ«ሀ» ተነሥቶ «ኘ» ላይ ሲደርስ ቦታው አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። «አ» የለም፤ «ወ» የለም፤ «የ» የለም። የሺአረግ የአባቷን ስም ለመጻፍ ብትሞክር የወጣላት ከመካከሉ ጥቂት ፊደል ብቻ ነበር። ወደ ወንበሯ ተመለሰች። አንደበቷ ያን ቀን አልፈጠነም።

በዚህ ላይ ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ማሽኑ ለክፍለ ሀገሩ ሥራ በአማርኛ የማያገለግል ከሆነ ሥራ ፈት ንብረት ነውና በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ መርማሪዎች አይተው፣ ጭነው ይወስዱታል፤ በቦታው ከቆየም የሚቆየው ሪፖርት በአማርኛ አትሞ ካሳያቸው ነው። ማሽኑ ሄደ ማለት ፊደሉም ሄደ ማለት ነበር፤ ዲስኬት ብቻውን ቢቀር ለየሺአረግ ምን ያደርግላታል?

ሜሞሪው የሚገኘው ድሬዳዋ መሆኑን የጠቆሙት አቶ ሰላሁዲን ናቸው። በባሕር ዳር ገበያ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ሳይቀልዱ ሰላምታ የማይሰጡ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው፤ ለዕቃ ወደዚያው ሲወርዱ መርስዔ ኀዘን የሜሞሪ ቺፑን ቍጥር ከማሽኑ ማስረከቢያ ወረቀት ላይ ገልብጦ፣ «ስምንት» ብሎ ላካቸው። ስምንት ያለበት ምክንያት ነበረው። በዩኒቨርሲቲ እንደተማረው ማሽኑ እያንዳንዱን ፊደል በስምንት ምልክት ይሸከማል፤ ስለዚህ ለስምንት ምልክት ስምንት ቺፕ። የማሽኑን ሆድ ከፍቶ እንዳያረጋግጥ ክዳኑ በንብረት ክፍል የእርሳስ ማኅተም ታሽጓል፤ መምሪያ መጽሐፉም አዲስ አበባ ቀርቷል።

ሰላሁዲን የተመለሱት ያ ቅዳሜ የሚውልበት ሳምንት ሲገባ፣ ሰኞ ጧት ነው። ከኮታቸው ኪስ እንደ ብርጭቆ የጠራ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በውስጡ ባለ ሁለት ረድፍ እግር ጥቁር ቺፖች ተከታትለው ተኝተዋል።

«እነዚህ ናቸው እንግዲህ ከተማውን ያስዞሩኝ» አሉ። «ነጋዴው ሲያሳየኝ ጥንዚዛ ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ልጣላው ነበር።»

«ጥንዚዛ ቢሆኑ መንገድ ላይ ይበሩብዎ ነበር ጋሼ» አለች የሺአረግ።

«የድሬዳዋ ጥንዚዛ አይበርም ልጄ። ሙቀቱ ያሰንፈዋል፤ እንደኔ በጥላ ነው የሚሄደው።»

የዕቃውን ዋጋ መሥሪያ ቤቱ ከፍሏል። መርስዔ ኀዘን የድካማቸውን ልክፈል ሊል አፉን ሲከፍት ሰላሁዲን እጃቸውን አነሡ።

«ተው መርስዔ። ሱቄ በር ላይ ያለውን ስሜን የጻፉልኝ ማን መሰሉህ? የዚች አባት ናቸው። አለቃን ‹ምን ላምጣ?› ብላቸው፣ ‹ስሙን አንብበው የሚገቡ ደንበኞችህ ይብዙ› ብለውኝ ሄዱ። አሁን ለእሳቸው ፊደል ነው የለፋሁት፤ በእኔና በእሳቸው መካከል አትግባ።»

መርስዔ ኀዘን በቃሉ ደስ ሊለው ሲገባ ጨነቀው። የገመዱ ጫፍ ሲቀር ታየው። ቱቦውን አዘንብሎ ቺፖቹን ቢቈጥር ዘጠኝ ናቸው፤ ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ እኔ የጠየቅሁት ስምንት ነው። ይህች ምራቂ ናት። እንግዲህ የእርስዎ ትሁን።»

«ምን ላደርጋት? አትበላ፣ አትለበስ።»

«መታሰቢያ ትሁንዎ። እምቢ ካሉኝ እቀየማለሁ።»

«ይኸማ ማስፈራራት ነው» አሉና ሣቁ። ከኪሳቸው የሲጋራ ብርማ ወረቀት አውጥተው ጠቀለሏትና መርቀው ሄዱ። መርስዔ ኀዘን ያን ቀን ቀለል ብሎት ዋለ።

ማክሰኞ ማኅተሙ ተሰበረ። ለዚህ የተገኙት የንብረት ክፍሉ ጓድ አምሐ ናቸው፤ ያለ ቃለ ጉባኤ መስኮት የማያስከፍቱ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው። መርስዔ ኀዘን ክፍሉን አስቀድሞ ውኃ አርከፍክፎበታል፤ የበጋ ደረቅ አየር በሰው ገላ ላይ የሚያጠራቅመው የማይታይ እሳት ቺፕ እንደሚገድል አንብቧል። የየሺአረግን የናይሎን ሻርፕ አስወለቀ፤ ጫማም አስወለቀ።

«ቤተ መቅደስ አደረግኸው እኮ» አሉ ጓድ አምሐ፣ ጣታቸው የወጣበትን ካልሲ እያዩ። «ቃለ ጉባኤው ላይ ካልሲዬ እንዳይገባ።»

ብሎኖቹ በካቻቢቴ ወጡ፤ ክዳኑ ተነሣ። አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ሁለት ረድፍ ታየ፤ አንዱ ረድፍ በቺፕ የተሞላ፣ ሁለተኛው ባዶ። መርስዔ ኀዘን የተሞላውን ቈጠረ። ባዶውን ቈጠረ። ከዚያ እንደገና የተሞላውን ቈጠረ፤ ቀዳዳዎቹ በእሱ ለማሾፍ አንድ ተጨምሮባቸው እንደሆነ ያህል በጣቱ ዳሰሳቸው። ሁለቱም ዘጠኝ ዘጠኝ ናቸው።

«ምነው?» አለች የሺአረግ።

እሱ ቱቦውን አነሣ። ስምንቱን አንድ በአንድ፣ እግራቸው እንዳይታጠፍ ትንፋሹን ይዞ፣ በቦታቸው ተከላቸው፤ ዘጠነኛው ቀዳዳ ባዶውን ቀረ። ማሽኑን አበራው። ማሽኑ ሜሞሪውን መቍጠር ጀመረ፤ የቀድሞውን ቈጥሮ ወደ አዲሱ ሲሻገር ጮኸ፤ በስክሪኑ ላይ አንድ መስመር የእንግሊዝኛ ቃል ጥሎ እንደ ድንጋይ ቆመ።

መርስዔ ኀዘን መስመሩን ሲያነብ ገባው። ስምንቱ ቃሉን ይሸከማሉ፤ ዘጠነኛዋ ቃል አትሸከምም፤ ምስክር ናት። ስምንቱ የተቀበሉት ምልክት ብዛቱ ጎዶሎ ቍጥር ወይም ሙሉ ቍጥር መሆኑን ትይዛለች፤ ማሽኑ ቃሉን መልሶ ሲጠይቅ እውነት መሆኑን ትናገራለች። ምስክር ከሌለ ማሽኑ የስምንቱን ቃል አያምንም፤ ካላመነ ደግሞ አይሠራም። እርግጥ እንዲህ ዓይነቱ ነገር በስፍር ላይ የሚጨመር እፍኝ አልነበረም።

«ስምንቱ ከገቡ ዘጠነኛው ይለፈው» አሉ ጓድ አምሐ። «እኛ ቢሮ ስንት ወንበር ባዶ ነው? ሥራ ቆሞ ያውቃል?»

«ቆሞ ያውቃል እንጂ። እርስዎ ተቀምጠው ስለሆነ አልታየዎትም» አለች የሺአረግ። ወደ መርስዔ ኀዘን ዞረች። «ዘጠነኛዋ ትናንት የሰጠሃት ናት?»

«ናት።»

«እንግዲያው ጠይቃቸዋ።»

«የሰጠሁዎን ምስጋና ይመልሱልኝ ልበላቸው? ምራቂ ሰጥቶ መልሶ የተቀበለ ሰው የት አገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

የሺአረግ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ከመሳቢያዋ የፊደሉን ወረቀቶች አወጣች፤ በላያቸው ላይ እጇን አኖረች።

«አንተ ካፈርህ እኔ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ሰዎቹ ሲመጡ ‹ኘ› ላይ የቆመ ፊደል አላሳያቸውም። አባቴ ዳዊቱን ሳይጨርስ አልሞተም፤ እኔ ግማሽ ላይ አልጥለውም።»

መርስዔ ኀዘን ጫማውን አጥልቆ ወደ ገበያ ወረደ።

ሰላሁዲን ጨርቅ ሲለኩ አገኛቸው። ነገሩን እየተንተባተበ ነገራቸው። ሽማግሌው ክንዳቸውን በጨርቁ ላይ እንደዘረጉ ሰሙትና ሣቃቸው አመለጣቸው።

«እኔን ነው የፈራኸው? እኔማ ብትኖር አሁኑኑ በሰጠሁህ። ዛሬ ጧት ለእኅቴ ለዘይነት በጀልባ ላክኋት፤ ቁንዝላ። ትንንሽ ነገር ትወዳለች። ፍራ ካልህ ዘይነትን ፍራ፤ እጇ የገባውን እናታችን እንኳ አታስጥላትም ነበር።»

ቁንዝላ በሐይቁ ወዲያ ማዶ ነው። እህል ለመጫን የሚሻገር ጀልባ ረቡዕ እንደሚነሣ፣ ሐሙስ እንደሚመለስ ሰላሁዲን ነገሩት። ያለ ይለፍ ወረቀት ግን ወደቡ ላይ የሚያሳልፈው የለም፤ ይለፍ የሚያስፈልገው ደግሞ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ነው። ማኅተሙ ጓድ አምሐ ዘንድ ነው።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉ ጓድ አምሐ። «ጥንዚዛ ፍለጋ?»

«የመንግሥት ንብረት ለማስመለስ ይበሉ።»

«ያልተመዘገበ ንብረት ይመለሳል? ገቢ ያልሆነ ነገር ወጪ ሆኖ፣ ወጪ የሆነው ደግሞ...» ብዕራቸውን አኖሩ። በመስኮቱ በኩል የሺአረግን አዩዋት፤ ፊደሏን እያገላበጠች ነው። ጓድ አምሐ ሌላ ነገር ሳይናገሩ «ለአስቸኳይ የመንግሥት ሥራ» ብለው ጻፉ፤ ያለ ቃለ ጉባኤም ማኅተሙን አሳረፉ። ወረቀቱን ሲሰጡት፣ «ቶሎ ና» አሉት ብቻ።

ረቡዕ ጧት ጀልባው ሲነሣ ሐይቁ ዘይት እንደፈሰሰበት ጠፍጣፋ ነበር። የደንገል ታንኳ የያዙ ዓሣ አጥማጆች ከጀልባው ማዕበል ሲርቁ፣ መቅዘፊያቸውን አንሥተው ይሳደባሉ፤ የጀልባው ነጂም ይመልስላቸዋል። ያ ሴት የማይረግጠው ደሴት በቀኝ በኩል ጫካውን ይዞ አለፈ። መርስዔ ኀዘን ከባዶ ጆንያ ክምር ላይ ተቀምጦ ያስብ ነበር። ያነበባቸው መጻሕፍት ስለ ነፃነት ብዙ ነግረውታል፤ ሰው ለማንም ባለውለታ ሳይሆን እንዴት መቆም እንደሚችል የነገረው ግን አንድም መጽሐፍ የለም፤ ያንን እስር ቤት ነው ያስተማረው። አሁን በልቡ ቢቈጥር የሱ የተባለው ሥራ ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ላይ ቆሟል፦ በአንዲት ሴት ዓይን፣ በአንድ ሙት ብዕር፣ በአንድ ነጋዴ እግር፣ ያለ ልማዱ ባረፈ አንድ ማኅተም። ለነዚህ ሁሉ ምን ሰጠ? ለአንዱ፣ አያስፈልገኝም ያለውን። እሱ ምስጋና ያለው ነገር ትርፉን ማስወገድ እንደነበር በውኃው ላይ ሳለ ታወቀው።

የወይዘሮ ዘይነት ቤት ከቁንዝላ ወደብ ብዙ አይርቅም፤ ዓሣ ከሚደርቅበት መደብ አለፍ ብሎ ዋርካ ሥር ነው። ሴትዮዋ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ ቆብ በመስፋት የሚተዳደሩ ናቸው። ቆባቸው በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ሙስሊሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የጠርዙ ስፌት እንደ መስመር ቀጥ፣ ጥልፉ ከጥልፉ እኩል የተራራቀ።

መርስዔ ኀዘን ሰላምታ ሰጥቶ፣ የወንድማቸው ሰው መሆኑን ነግሮ ሲቀመጥ ዓይኑ በእጃቸው ላይ ተተከለ። ዘጠነኛዋ እዚያ ነበረች። ዘይነት ነጩን ጨርቅ በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ የቺፗን እግሮች በጠርዙ ላይ ጫን እያደረጉ ምልክት ያወጣሉ፤ ከዚያ መርፌያቸውን በምልክቱ ላይ ይሰዳሉ። እግሮቿ እኩል የተራራቁ ናቸውና ስፌቱ ሳይለኩት ይለካላቸዋል።

«አየህ?» አሉ፣ ዓይኑን ተከትለው። «ወንድሜ ይህችን ላከልኝ። እሱ ቀልድ የላከልኝ መስሎታል። እኔ ስንት ዓመት በጥፍሬ ስለካ ኖሬ አሁን ነው ያረፍሁት። ለእሱ የሰጠውን ሰው አላህ ይስጠው።»

መርስዔ ኀዘን እንደ ተቀመጠ ጎንበስ አለ። ከአፉ የወጣው ከሁሉ የሚያሳፍረው ነበር።

«ለወንድምዎ የሰጠኋት እኔ ነኝ እትዬ። ላስመልሳትም የመጣሁት እኔው ነኝ።»

መርፌው ቆመ። «ምን አልኸኝ?»

ሁሉንም ነገራቸው፦ ስምንትና ዘጠኙን፣ ምስክርነቷን፣ በነጥብ ተሥሎ «ኘ» ላይ የቆመውን ፊደል፣ ሴት ወደማይገባበት ደሴት የሄደውን ዳዊት። ዘይነት ሳያቋርጡ ሰሙት።

«እኔ የማውቀው ምራቂ አይመለስም» አሉ በመጨረሻ። «የወሰደ ወሰደ ነው። እንዲያው የሰው ፊት አልከበደህም?»

«ከብዶኛል።»

«መክበዱስ ያስታውቅብሃል፤ ላብህን ጥረግ።» መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩና፣ «ያች ልጅ የአባቷን ጽሕፈት አይታው አታውቅም?» ሲሉ ጠየቁ።

«ቍርጥራጩን እንጂ ሙሉውን አላየችም።»

ዘይነት ቺፗን አገላብጠው አዩዋት። ፊታቸው ጭፍግግ አለ። «እግሯን ጎድቻት የለ?» አሉ። እውነት ነው፤ ከጫፍ ያለችው አንዷ እግር ታጥፋ ከሆዷ ሥር ገብታለች። መርስዔ ኀዘን እንደሚያውቀው እንዲህ የታጠፈ እግር ሲቃና ብዙ ጊዜ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደግሞ ቺፗ ምንም አይደለችም።

«እኔ አልነካትም» አለ። «እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«የኔ አይንቀጠቀጥም። የቁንዝላን ሕፃን ሁሉ እሾህ ያወጣሁ ነኝ።» ከአንገታቸው በክር የታሰረውን ወረንጦ ሳቡ። ቺፗን በጨርቁ ላይ አስተኝተው፣ የታጠፈችውን እግር ከሥሯ በወረንጦው ያዙና ትንፋሻቸውን ውጠው ቀስ ብለው አቀኗት። ጨርሰው ቺፗን ወደ ብርሃን አነሧት። እግሯ ቀጥ ብላለች፤ ከሌሎቹ ትንሽ ብትጐብጥ ነው።

ከትራሳቸው ሥር ያንኑ የሲጋራ ብርማ ወረቀት አወጡ። «ትናንት ሌሊት በዚሁ ጠቅልያት ነው ያሳደርኋት፤ ወንድሜ ጠቅልሎ ስለላካት ሥርዓቷ መስሎኝ» አሉ። መርስዔ ኀዘን ቺፕን በእንዲህ ያለ ብረት ነክ ነገር መጠቅለል ከዚያ ከማይታየው እሳት እንደሚያድናት ያውቅ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን ሲሰጣት አላሰበበትም።

«ምን ላድርግልዎ እትዬ?» አለ፣ እንደ ልማዱ። ወዲያው ቃሉን ዋጠው። «አይ፤ ዛሬ የምሰጥዎ የለኝም። እንዲሁ አመሰግንዎታለሁ።»

«እሱ ይበቃል» አሉ ዘይነት። ከዚያ ሣቁ። «ግን ስፌቴን ሳትረሳ ሂድ። ይኸ ማሽንህ ነጥብ የሚነጥብ ከሆነ ለእኔም ይነጥብልኝ።»

ዓርብ ጧት ክፍሉ እንደገና ውኃ ተርከፈከፈበት፤ ጓድ አምሐ ሳይጠየቁ ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸው ተጥፏል። መርስዔ ኀዘን ብርማውን ወረቀት ፈታ። እጁ ዘጠነኛው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ቆመና ቺፗን ለየሺአረግ ዘረጋላት።

«አንቺ ትከያት።»

«ብሰብራትስ?»

«ዘይነት ያልሰበሯትን አንቺ አትሰብሪያትም።»

የሺአረግ እግሮቹን ከቀዳዳዎቹ ጋራ አስማምታ በሁለት አውራ ጣቶቿ ተጫነች። ትንሽ ድምፅ ተሰማ። መርስዔ ኀዘን ማሽኑን አበራው። መቍጠር ጀመረ። የቀድሞውን ጨረሰ፤ ወደ አዲሱ ተሻገረ፤ ሦስቱም ጩኸቱን ይጠብቁ ነበር። አልጮኸም። እስከ መጨረሻው ቈጠረና ጸጥ ብሎ ትእዛዝ መጠበቅ ጀመረ።

ዲስኬቱ ገባ። ፊደሉ በስክሪኑ ላይ ከ«ሀ» ተነሣ፤ «ኘ» ላይ ደረሰ፤ «አ» መጣ፤ «ወ» መጣ፤ «የ» መጣ፤ «ጸ» አንገቱን ሰበር አድርጎ መጣ፤ እስከ «ፐ» ሄደ። የሺአረግ ወንበሩን ሳበችና የአባቷን ስም ከነማዕርጋቸው ጻፈች። አለቃ ወልደ ዮሐንስ በራሳቸው እጅ የጻፉት ይመስል ነበር። ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ሳትዞር፣ «አመሰግንሃለሁ መርስዔ» አለች። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ለመመለስ አልቸኰለም፤ ምስጋናውን ተቀብሎ ቆመ።

ጓድ አምሐ መሐረባቸውን ፈልገው አጡና በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ይኸ ውኃ የረጫችሁት አቧራ አስነሣ» አሉ።

ቅዳሜ መርማሪዎቹ መጡ፤ በአማርኛ የታተመ ሪፖርት ተቀበሉ፤ ማሽኑን ሊጭን የመጣውም መኪና ባዶውን ተመለሰ። ሰኞ መርስዔ ኀዘን በማተሚያው ረጅም ወረቀት ላይ፣ የቺፗ እግሮች በተራራቁበት ልክ፣ የቆብ ጠርዝ ዙሪያ የሚሆን የነጥብ መስመር አተመ፤ ዘይነት ወረቀቱን በጨርቁ ላይ ዘርግተው በመርፌ እንዲወጉበት። በመስመሩ ሥር የሺአረግ «ለወይዘሮ ዘይነት» ብላ በአባቷ ፊደል ጻፈች። ወረቀቱን ጠቅልለው በክር አሰሩት፤ ለሰላሁዲን ሰጧቸው፤ ሰላሁዲንም በቁንዝላው ጀልባ ላኩት።